ከጉድጓድ አፍ ላይ የሚበጠበጥ መድኃኒት

ገበሬው የእርሻ ኬሚካልን «መድኃኒት» ነው የሚለው። የሽንኩርት መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት። እኛም ውኃ ስንፈትሽና ሰው ስናነጋግር በዚሁ ስም እንጠራዋለን፤ ሌላ ቃል ብንጠቀም የሚሰማን የለም። አንድ ቦታ ላይ ግን ስሙ አደጋ ያመጣል። ጤና ጣቢያ በር ላይ «ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ ነው» ሲባል ሰሚው ኪኒን ሊመስለው ይችላል። እዚያ ስትደርሱ «የእርሻ ኬሚካል» ብላችሁ፣ ጠርሙሱን ከነጽሑፉ አሳዩ።

ከታች ያለው ከእጅ ጉድጓድ፣ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ቀድቶ ለሚጠጣና በዚያው ውኃ ለሚያለማ ሰው የተጻፈ ነው። ከመቂ እስከ ባቱ ባለው ሜዳ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያጠጣው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡም የሚጠጣው ነው። ፎገራ ላይም እንደዚሁ። ውኃው ቅርብ ነው፣ አፈሩ በቦይ ውኃ ሲርስ ይከርማል፣ መርጫውም ከጉድጓዱ አይርቅም።

ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁን «ትንሽ ጠብ ብትል ምን ታመጣለች?» ብለው ነው። በአንድ ክዳን እንለካው። ክሎርፓይሪፎስ 48 በመቶ ተብሎ የሚሸጠው የተባይ ማጥፊያ ፈሳሽ በአንዱ ሊትር ውስጥ 480 ግራም መርዝ አለው። የጠርሙሱ ክዳን 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብንል፣ በአንድ ክዳን 4.8 ግራም አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ኬሚካል በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 30 ማይክሮ ግራም ነው (ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ስፋቱ አንድ ሜትር ሆኖ ሦስት ሜትር ውኃ የያዘ የእጅ ጉድጓድ ወደ 2,350 ሊትር አለው። ያቺ ክዳን እዚያ ብትገለበጥ በእያንዳንዱ ሊትር ወደ 2,000 ማይክሮ ግራም ይደርሳል፤ ከጣሪያው 68 እጥፍ ገደማ ነው። በሌላ በኩል ስናሰላው፣ ክዳኗ 160,000 ሊትር ውኃን እስከ ጣሪያው ድረስ ትበክላለች። አውሮፓውያን ደግሞ ለማንኛውም አንድ ፀረ-ተባይ በሊትር 0.1 ማይክሮ ግራም፣ ለሁሉም ተደምሮ 0.5 ብለው ወስነዋል። እሱ የያንዳንዱን መርዝ ጉዳት ለክቶ የወጣ አይደለም፤ «ከነጭራሹ አይኑር» ለማለት የተቀመጠ ነው።

እንግዲህ ይቺ ክዳን ጉድጓድ ውስጥ የምትገባው ተንኮለኛ ወርውሯት አይደለም። የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰውየው 16 ሊትር የሚይዘውን የጀርባ መርጫ ከጉድጓዱ አፍ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጣል፤ ውኃው ቅርብ ነው፣ መሸከም አያስፈልግም። ክዳኑን ከፍቶ ኬሚካሉን መጀመሪያ ይጨምራል፣ ከዚያ በባልዲ ውኃ ይገለብጥበታል። ውኃው ከላይ ሲወርድበት ኬሚካሉ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ሞልቶ በመርጫው ጎን ይወርዳል። እጁ ርሷል። በዚያው እጅ ገመዱን ይዞ ባልዲውን መልሶ ያወርዳል። ገመዱ ደግሞ ከናይለንም ይሁን ከቃጫ የነካውን ይመጥጣል፤ ውኃ በተቀዳ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየታጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ሲሚንቶው ገመዱ በሚፋተግበት በኩል ሁልጊዜ ስንጥቅ አለው። የፈሰሰው ነጭ ውኃ በዚያ ስንጥቅ ይገባል። ጉድጓድ ስንፈትሽ መጀመሪያ የምናየውም ይህንኑ ስንጥቅ ነው፤ ዙሪያው ነጭ ወይም ሰማያዊ እድፍ ካለበት፣ ማንኮዜብ የተባለው የሻጋታ መድኃኒት ብናኝ ከተጋገረበት፣ ላቦራቶሪ ሳንልክም የምንጠረጥረው አለ።

ስለዚህ መርጫው ወደ ጉድጓዱ አይሄድም፤ ውኃው ወደ ማሳው ይሂድ። ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፤ ከጉድጓዱ በታች በኩል እንጂ ከላይ በኩል አይሁን። ለዚህ የሚሆን አንድ ጄሪካን ለዩና አንገቱ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ ወይም ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ለሌላ ሥራ አይውልም። በርቀቱ ላይ ብዙ ሰው ያጉረመርማል፣ እውነት አለው፤ 16 ሊትር ውኃ 16 ኪሎ ነው። ግን መርጫው ሲሞላ ከነራሱ ክብደት 20 ኪሎ ገደማ ይሆናልና ከጉድጓድ ሞልቶ ማሳ ድረስ ማዘሉም ያው ድካም ነው። ልዩነቱ ሸክሙ ላይ ያለው ባዶ ውኃ መሆኑ ብቻ ነው።

አበጣበጡ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። መርጫውን እስከ ግማሽ በንጹህ ውኃ ሙሉ፣ ከዚያ የተለካውን ኬሚካል ጨምሩ፣ ከዚያ ቀሪውን ውኃ ቀስ ብላችሁ በጎን በኩል አውርዱ። እንዲህ ሲሆን አረፋ አይገነፍልም። ዱቄት ከሆነ (ማንኮዜብና ሪዶሚል እንደዚያ ናቸው) በትንሽ ባልዲ ለብቻው በጥብጣችሁ፣ ጓሉ ሲጠፋ ነው መርጫው ውስጥ የሚገባው። ያልሟሟ ዱቄት የመርጫውን አፍንጫ ይደፍናል፣ ሰውየውም ያንን ነቅሎ በአፉ ይነፋዋል። ይህን ያላየ የመስኖ ባለሙያ የለም። ለዚህ ማጽጃ የሚሆን አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

በሞተር ለሚስቡ ሌላ ወጥመድ አለ። በርሜል ውስጥ ኬሚካል በጥብጠው፣ ከሞተሩ የመጣውን ጎማ በርሜሉ ውስጥ ነክረው ይሞላሉ። ነዳጅ አልቆ ወይም ሞተሩ ታንቆ ሲቆም በጎማው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ጉድጓዱ መመለስ ይጀምራል፤ ሲመለስ የበርሜሉን ኬሚካል ስቦ ይወስዳል። በክዳን የሚቆጠር አይደለም፣ ግማሽ በርሜል ነው። መፍትሔው ከሁሉም ይቀልላል፤ የጎማው ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ አንድ ስንዝር ይንጠልጠል፣ ውኃውን አይንካ። በመሳቢያው ጫፍ ላይ የሚገጠመው፣ ውኃ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭም ይረዳል፤ ግን ጠጠር ከገባበት አይዘጋምና እሱን ብቻ አትመኑ።

የተረፈ ቅልቅል የሚባለውም ከመጀመሪያው ባለመለካት የሚመጣ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ለኩና መርጫው ውስጥ የታወቀ ውኃ ጨምራችሁ፣ ያለ ኬሚካል፣ እንደ ሁልጊዜው አረማመድ እርጩ። ሦስት ሊትር ከጨረሰ በሄክታር 300 ሊትር ማለት ነው፤ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 75 ሊትር። በ16 ሊትር መርጫ አራት ሙሉ፣ አምስተኛው ደግሞ 11 ሊትር ብቻ። ይህን ያላወቀ ሰው አምስተኛውንም ይሞላና የተረፈውን አምስት ሊትር ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ከተረፈም በዚያው ሰብል ላይ አቅጥናችሁ እርጩት።

ጠርሙስ ማጠብ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ በብዙ ውኃ ያለቀልቅና ጨረስኩ ይላል። ከአንድ ሊትር ጠርሙስ በኋላ ግድግዳው ላይ 10 ሚሊ ሊትር ቀርቷል እንበል፤ ያው 4.8 ግራም። በ750 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ጊዜ ብታለቀልቁትና ብትደፉት፣ ግድግዳው ላይ ተመልሶ 10 ሚሊ ሊትር ስለሚቀር በውስጡ ወደ 63 ሚሊ ግራም መርዝ አለ። ያንኑ 750 ሚሊ ሊትር ሦስት ቦታ ከፍላችሁ 250፣ 250፣ 250 እያደረጋችሁ ብታጥቡት የሚቀረው 0.3 ሚሊ ግራም አይሞላም። ውኃው እኩል ነው፤ ልዩነቱ ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሩቡን ሙሉ፣ ክደኑ፣ 30 ሰከንድ ናጡ፣ እጥበቱን መርጫው ውስጥ ገልብጡና ጠብታው እስኪቆም ያዙት፤ ሦስት ጊዜ። እጥበቱ መርጫው ውስጥ መግባቱ ከገንዘብም አንፃር ትርፍ ነው፤ የተከፈለበት ኬሚካል ነው።

ሦስት ጊዜ ታጥቧል ማለት ግን ለውኃ ይሆናል ማለት አይደለም። ፈሳሹ ኬሚካል የሚሟሟበት ዘይት መሰል ፈሳሽ የፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል፤ መርዙንም ይዞ። ጄሪካኑ ቢታጠብም ውኃ ሲቀመጥበት፣ ይልቁንም ጠላ፣ ዘይት ወይም ወተት ሲቀመጥበት ከግድግዳው እየወጣ ይመለሳል። ገበያ ላይ የሚሸጠው የአምስት ሊትር የኬሚካል ጄሪካን ጽሑፉ ተፍቆ ስለሚቀርብ፣ ከየት እንደመጣ የማታውቁትን አሮጌ ጄሪካን ለመጠጥ አትግዙ። የራሳችሁን ካጠባችሁ በኋላ በምስማር ቂጡን ብሱ። አታቃጥሉት፣ ጭሱም መርዝ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርም ውኃው ቅርብ በሆነበት ሜዳ ላይ ችግሩን ወደ ታች ማውረድ ነው። ተቆልፎ ተቀምጦ ወደ ሻጩ ወይም ቀበሌው ግብርና ወደሚሰበስብበት ቦታ ይሂድ። መሰብሰቢያ በሌለበት አካባቢ ይህ ምክር ጎደሎ እንደሆነ እናውቃለን፤ እስከዚያው የተበሳ ጠርሙስ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ጣራ ሥር መቀመጡ ቦይ ዳር ከመጣል ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጠው ነው። ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ያልቻለ ሰው ሩብ ሊትር በውኃ ፕላስቲክ ይገዛል። ጽሑፍ የለው፣ የቀለም መስመር የለው። ብዙዎቹ ፈሳሾች ውኃ ሲነካቸው ወተት ይመስላሉ፤ ልጅ ምን ብሎ ይለያል? የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል መሸጥን ይከለክላል፤ በሃይላንድ የተቀዳው ግን የተመዘገበ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። መግዛት ግድ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ የታሸገውን ግዙና በማሳው ላይ ለኩት። ጽሑፉ ግርጌ ላይ ያለውን መስመርም እዩ፤ ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ ጎጂ፣ ሰማያዊ ከዚያ የሚቀል፣ አረንጓዴ ዝቅተኛ ነው። አረንጓዴ ማለት ይጠጣል ማለት እንዳልሆነ መናገር ያለብን አይመስለንም ነበር፤ ግን የሚጠይቅ አለ።

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ፤ ጉድጓድ አፍ ላይ ሳይነካ ከማሳ የሚመጣም አለና። ኬሚካሎች ከውኃ ጋር ባላቸው ጠባይ ሁለት ናቸው ብላችሁ ያዙ። አንዱ ወገን አፈር ላይ ይጣበቃል፤ ካራቴ በሚል ስም የሚታወቀው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ዲዲቲ፣ ራውንድአፕ ውስጥ ያለው ግላይፎሴት። እነዚህ ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ የሚደርሱት ከጭቃ ጋር ነው፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያመጣቸዋል። ሌላው ወገን ከውኃ ጋር ይሄዳል፤ በቆሎ ላይ የሚረጨው አትራዚን፣ ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ፣ ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል። እነዚህ ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ ሟምተው፣ ሳይታዩና ሳይሸቱ፣ አሸዋማ አፈርን አልፈው ወደ ጉድጓድ ይወርዳሉ። ቱ-ፎር-ዲ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ግን የጤፍ አረም የሚረጨው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስለሆነ ሳይበሰብስ የሚታጠብበት ዕድል ሰፊ ነው። ዲዲቲ በተቃራኒው በእርሻ ከተከለከለ ቆይቶም ከአፈርና ከደለል ውስጥ ገና አልጠፋም፤ ዓመታት ይኖራል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው። ድፍርስ ውኃን ማጥለልና በአጣላይ ዱቄት፣ ለምሳሌ በቢሻንጋሪ፣ ማስረጋት ከጭቃ ጋር የተጣበቀውን ወገን በከፊል ይቀንሳል። በሺፈራው ፍሬም ቢሆን ውኃው ሲጠል ጭቃው የያዘው አብሮ ይወርዳል። ሟምቶ ያለውን ወገን ግን አይነካውም። «ውኃዬ እንደ መስታወት ነው» ማለት ስለ ኬሚካል ምንም አይነግርም። ሽታም አያስተማምንም፤ ጠርሙሱን ስትከፍቱ የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ ማሟሟቻው ነው፤ እሱ ተንኖ ሲጠፋ መርዙ ይቀራል።

ማፍላት? ማፍላት ጀርም ይገድላል። አሥር ሊትር ውኃ ፈልቶ ስምንት ሊትር ሲቀር፣ የማይተነው ኬሚካል ባለበት ሆኖ ውኃው ስለቀነሰ መጠኑ በአንድ አራተኛ ይጨምራል። የሚተነውም ቢሆን ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የሚተነው። በፀሐይ ማስጣት፣ ሎሚ መጭመቅ፣ ጨው፣ ሌሊት ማሳደር፤ ለዚህ አይሆኑም።

ክሎሪን ላይ ረዘም ማለት አለብን፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደዚያ ስለሆነ። ውኃ አጋርም ይሁን አኳታብስ፣ ክሎሪን ለጀርም ነው። እንደ ማላታይን፣ ክሎርፓይሪፎስና ዳያዚኖን ያሉት ፎስፈረስና ድኝ ያለባቸው ኬሚካሎች ክሎሪን ሲያገኛቸው ድኙ በኦክስጅን ይተካል፤ የሚፈጠረው «ኦክሶን» የሚባል ነገር ከመጀመሪያው ይልቅ ነርቭን የሚመታ ነው። ስለዚህ ኬሚካል ገባበት ተብሎ በተጠረጠረ ጉድጓድ ውስጥ በረኪና መገልበጥ ነገሩን ሊያብስ ይችላል።

ይህ ከወረቀት ያለፈ ጣጣ አለው። በአንድ ጉድጓድ የሚጠቀሙ ሰዎች በአንድ ቀን ማስታወክና ተቅማጥ ሲይዛቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው አተት ነው፤ ጥርጣሬው ትክክልም ነው። ግን የሚለይበት ምልክት አለ። በእነዚህ ኬሚካሎች የተመረዘ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ እንባው ይወርዳል፣ ያልበዋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ ምስማር ጫፍ ይጠባል፣ ጡንቻው ከቆዳው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ይከብዳል፣ ደረቱ ውስጥ አክታ ይሞላል። አተት የያዘው ሰው ግን ሰውነቱ ይደርቃል፤ አፉም ዓይኑም ይደርቃል። ይህን ልዩነት ለጤና ሠራተኛው ተናገሩ፣ ብሌኑንም እንዲያይ ጠቁሙ። መድኃኒቱ አትሮፒን ነው፤ ጤና ተቋም ውስጥ ነው የሚሰጠው።

እስኪደርስ ድረስ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ (ራሳችሁ ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ)፣ በጎኑ አስተኙት። እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ማሟሟቻው ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሁለተኛ መርዝ ነው። ወተት ማጠጣት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ አይረዳም፣ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ያንቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚጠጣው እንዲህ አይጮህም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ከብዙ ነገር ስለሚመጡ ማንም ከጉድጓዱ ጋር አያያይዛቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሊንዴን የተባለውን ፀረ-ተባይ ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት መድቦታል፤ ማላታይንን፣ ዳያዚኖንን፣ ግላይፎሴትንና ዲዲቲን ደግሞ «ሳያመጡ አይቀሩም» በሚለው ምድብ አስቀምጧቸዋል። ክሎርፓይሪፎስ በማህፀን ባለ ልጅ አእምሮ እድገት ላይ ያለው ጉዳት ብዙ አገሮች እንዲያግዱት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ልጆች ላይ የሚከብድበትን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። የውኃ ጣሪያዎቹ የሚሰሉት 60 ኪሎ የሚመዝንና በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ አዋቂ ታስቦ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ ሊትር ሲጠጣ ለያንዳንዱ ኪሎው የሚደርሰው የአዋቂው ሦስት እጥፍ ነው፤ 5 ኪሎ የሆነ ሕፃን በዱቄት ወተት መልክ ሦስት ሩብ ሊትር ከወሰደ ደግሞ አራት ተኩል እጥፍ። እናም ቤት ውስጥ ጥሩ ውኃ ጥቂት ብቻ ከተገኘ ለሕፃኑ ወተትና ለነፍሰ ጡሯ ይቅደም። ልብስ ማጠቢያው ከጉድጓዱ ይሁን።

ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ማጣሪያዎች ለዚህ የሚሆነው ገቢር ካርቦን ነው። የማገዶ ከሰል ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ ገቢሩ በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ተቦርቡሮ ውስጡ ቁጥር የሌለው ቀዳዳ ያለው ነው። የሸክላ ሻማ ማጣሪያና የአሸዋ ማጣሪያ ብቻቸውን የሟሟ ኬሚካል አያስቀሩም፤ ሻማው ውስጡ ካርቦን ያለበት ከሆነ ግን ይሻላል። ካርቦን ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ ነው። ውኃው ከካርቦኑ ጋር 10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ አምስት ሊትር ካርቦን ካላችሁ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ አታሳልፉ፣ በሰዓት 30 ሊትር ማለት ነው። ቧንቧውን ከፍቶ የሚያንፎለፍል ሰው ካርቦኑን አጥቦ ነው የሚጠጣው። ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ማጥለል፣ ቀጥሎ ካርቦን፣ ክሎሪን በመጨረሻ። ድፍርስ ውኃ ካርቦኑን ይደፍነዋል፤ ክሎሪን ከቀደመ ደግሞ ካርቦኑ ራሱ ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ኦክሶኑም ይፈጠራል። ካርቦን ላይ ጀርም ይራባልና ክሎሪኑን ከኋላ ማድረግ ለዚያም ነው። ሲያረጅ አይጮህም፤ ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። የገባበትን ቀን በማርከር ጎኑ ላይ ጻፉና አምራቹ ካለው ሊትር ሳያልፍ ቀይሩት።

ማስመርመር ለሚፈልግ ማኅበር ወይም ቀበሌ፦ ቀለሙ የሚለወጥ የመፈተሻ ወረቀትና የክሎሪን መለኪያ ፀረ-ተባይ አያሳዩም፤ የጋዝ ወይም የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ (ኬሚካሎችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ገንዘብ ያስወጣልና አንድ ጊዜ በትክክል ይሁን። ከርጭቱ በኋላ የመጀመሪያው ጎርፍ በወረደ በቀናት ውስጥ ቅዱ፤ በጥር ደረቅ ቀን ቀድቶ «ንጹህ ነው» የሚል ወረቀት መያዝ ያታልላል። ጠርሙሱ ላቦራቶሪው የሰጣችሁ ቡናማ ብርጭቆ ይሁን፤ ሃይላንድ ኬሚካሉን ግድግዳው ላይ ይመጥጣል፣ ውጤቱም ዝቅ ብሎ ይወጣል። በናሙናው ውኃ ቀድማችሁ አታለቅልቁት። በረዶ ባለበት ሳጥን፣ 4 ዲግሪ ገደማ፣ ከፀሐይ ተሸፍኖ በማግስቱ ይድረስ፤ ላቦራቶሪውም በሰባት ቀን ውስጥ ኬሚካሉን ከውኃው ማውጣት አለበት። የቀዳው ሰው የዚያን ቀን መርጫ ያልነካ ይሁን። ከሁሉም በላይ አካባቢው ላይ የተረጩትን ኬሚካሎች ስም ዝርዝር አብራችሁ ስጡ፤ ላቦራቶሪው የሚያገኘው የፈለገውን ብቻ ነው። ቱ-ፎር-ዲ ካልተፈለገ አይታይም፤ «አልተገኘም» የሚለው ቃል «አልተፈለገም» ማለት ሊሆን ይችላል።

የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮ ጣራ መያዝ ጥሩ ሁለተኛ ምንጭ ነው፤ ርጭት ሲነፍስ ጣራው ላይ ያረፈው እንዳይገባ ግን ለ50 ካሬ ሜትር ጣራ የመጀመሪያውን ከ25 እስከ 50 ሊትር ወደ ውጭ ልቀቁት።

ኬሚካል ጉድጓድ ውስጥ በእርግጥ ከገባ በዚያው ሰዓት መቅዳት ይቁም፣ ከብትም አይጠጣ። በረኪና፣ ኖራ፣ አመድ አትጨምሩ። ማንም ወደ ውስጥ አይውረድ፤ ትነቱ ብቻ ሳይሆን አፉ ላይ የሚሠራው ሞተር ጭስ ታች ወርዶ ሰው ይገድላል። ውኃው በሞተር ወጥቶ ከሌላ ጉድጓድና ከወንዝ በራቀ፣ ሜዳ በሆነና በማይታረስ መሬት ላይ በስሱ ይሰራጭ፤ ቦይ ውስጥ ከተለቀቀ ጉዳዩ ወደ ጎረቤት ተላለፈ እንጂ አላለቀም። ጉድጓዱ ሲሞላ ደግማችሁ አውጡ፤ ብዙ ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ማውጣቶች ብዙውን ይወስዳሉ፤ ታች ያለው ጭቃና የግድግዳው ድንጋይ የያዘውን ግን ቀስ እያለ ይለቃልና ዛሬ ዝቅ ያለው ከሳምንት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ናሙና አይበቃም፤ ከመጨረሻው ማውጣት በኋላ ጉድጓዱ አርፎ ከከረመ በኋላም ይቀዳ። እስከዚያ «አትጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ማንበብ ለማይችል ልጅ ምንም አይደለም፤ ባልዲውንና ገመዱን ፈታችሁ ቤት አስገቡ፣ አፉንም በቆርቆሮ ከድናችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ያ አሮጌ ገመድ ተመልሶ አይታሰርም፤ ጉድጓዱ ሲከፈት በአዲስ ነው።